ያልጮኸች ታማሚ

በዚህች አገር ያልተቆጠረ የቤት እንስሳ ማግኘት ቀላል አይደለም። የቀድሞው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ በግብርና ናሙና ጥናቱ ከብቱን፣ በጉን፣ ፍየሉን፣ ፈረሱን፣ በቅሎውን፣ አህያውን፣ ግመሉንና ዶሮውን ይመዘግባል። ንብ እንኳ በቀፎዋ ተቆጥራ ትገባለች። ድመት ግን ቅጹ ላይ የለችም። ቆጣሪው ወጣት ደጃፍ ላይ ቆሞ «ስንት እንስሳ አላችሁ?» ሲል እሷ ምድጃው ጥግ ተጠቅልላ ትሰማዋለች። አባወራው ግብር የሚጨመርበት መስሎት ዶሮዎቹን ቀንሶ ይናገራል፤ ድመቷን ግን ለመደበቅ እንኳ ትዝ አትለውም።

እንዲህ ያለው ቸልታ የትም አለ። በዋግ ኽምራው አበርገሌ ግን ጎልቶ ይታያል፤ አገሩ እንስሳ የሚከበርበት ነውና። እንስሳ ስል ፍየል ማለቴ ነው። ዝርያዋ ራሱ የአገሩን ስም ይዞ «የአበርገሌ ፍየል» ተብሎ በየጥናቱ ይጻፋል። የሰቆጣ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ሳይቀሩ ይመራመሩባታል። ፍየሏ ስታስነጥስ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ማሳል ከጀመረች «ሳንባ ነው» ይባላል፤ አፏ ቆስሎ ካስቀመጣት «ደስታ መሰል ገባ» ተብሎ ቀበሌው ይታመሳል። ቢሾፍቱ የተመረተ ክትባት በበረዶ ሳጥን ታሽጎ፣ ሰቆጣን አልፎ፣ ቆላውን ቁልቁል ወርዶ ይደርስላታል። አይፈረድም። ማሽላው በከዳ ዓመት ልጅ የሚያሳድረው የሷ ዋጋ ነው።

ድመትስ? ድመት የአበርገሌ ቤት የሌሊት ዘበኛ ናት። ጎታው ውስጥ ያለውን ማሽላ፣ በሴፍቲኔት የመጣውን ስንዴ፣ ለዘር የተቀመጠውን እህል ከአይጥ የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ደመወዟም ያገኘችው ነው። እርግጥ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ በ2009 እ.ኤ.አ. ተጠናቆ ውኃው ቆላው ውስጥ ከተኛ ወዲህ የሐይቁ ዳር ድመቶች ኑሮ ሳይሻሻል አልቀረም። ወጣቶቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲበልቱ ሆድ ዕቃው የማን ድርሻ እንደሆነ የታወቀ ነው። ከልማቱ ተጠቃሚዎች መካከል ያለ አንዳች ስብሰባ ድርሻዋን ያገኘች እሷ ብቻ ትመስለኛለች።

አንድ የፍየል ክትባት ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ፍየሎቹ በእሾህ አጥር ውስጥ ታጉረዋል። የእንስሳት ሐኪሙ ሲሪንጁን እየሞላ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይላል፤ ጎረምሶቹ ቀንድ ይይዛሉ፤ አቧራው ለጉድ ነው። በዚህ መሃል አንዲት እናት በነጠላቸው የጠቀለሉትን ነገር ታቅፈው መጡ። ሁሉም የታመመ ግልገል መስሎት መንገድ ለቀቀላቸው። ነጠላው ሲገለጥ ድመት ሆነች።

ሳቁ ከፍየሉ ጩኸት በላይ ተሰማ። «እማማ፣ ድመትም ትከተባለች እንዴ?» አለ አንዱ ቀንድ የያዘ ጎረምሳ። «የድመት ነፍስ እያላት ደግሞ ምን ጎደለባት!» አለ ሌላው። ሦስተኛው የአይጦቹ ማኅበር ድግስ እየደገሰ ነው አለ። እማማ አልሳቁም። «ዶክተር፣ ጡቷ ላይ ይኼን የመሰለ ነገር ወጥቶባታል። እየው እስቲ ልጄ፤ መብላትም ትታለች» አሉ። ሐኪሙ ጨዋ ነበር። ሲሪንጁን አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ በጣቶቹ ጫፍ ሆዷን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። «መቼ ነው ያዩት፣ እማማ?» «ከጥምቀት ወዲህ ነው። ያኔ የሽንብራ ፍሬ ታክል ነበር።»

በዚህች አገር በሽተኛ ባለበት ሐኪም አይጠፋም። ባለሙያው ገና እየዳሰሰ ሳለ ሕዝቡ ማዘዝ ጀመረ። አንዱ ሽማግሌ «ይተኮስ፤ የጋለ ብረት ያልፈወሰው እባጭ የለም» አሉ። ቀጥሎ አንዲት ወይዘሮ ቀይና ቢጫውን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን መነስነስ ነው፤ የባለቤታቸውም የእግር ቁስል በሱ ነው የዳነው አሉ። ሌላው ነጭ ሽንኩርት በማር አዘዘ። በመጨረሻ አንድ ፀጥ ያለ ሰው ከደረት ኪሱ ፓራሲታሞል አወጣ። ለራሱ ራስ ምታት የያዛት የመጨረሻ ፍሬ ነበረች። ለሁለት ሰብሮ ግማሿን በወተት በጥብጠው እንዲያጠጧት ዘረጋ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ደጉ እሱ ነበር። ድመቷን ሊገድላት የቀረበውም እሱ ነበር።

ሐኪሙ እጁን ቀለብ አድርጎ ያዘው። ምክንያቱ ይኸው ነው። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን በዋናነት ግሉኩሮኒክ አሲድ ከሚባል ነገር ጋር አጣምሮ በሽንት ያስወጣዋል። የድመት ጉበት ይህን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም እጅግ ያንሰዋል፤ ኢንዛይሙን የሚያዘው ዘረመል በድመት ዘር ውስጥ ከተበላሸ ዘመናት አልፈዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ መርዝ ተለውጦ ቀይ የደም ሴሎቿን ያጠቃል። ደሟ ኦክስጂን መሸከም ያቅተዋል፤ ድዷ ቡናማ ይሆናል፤ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፤ ትንፋሿ ያጥራል። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ አንዲት ድመት ለመግደል ይበቃል፤ ግማሿም ብትሆን የዋዛ አይደለችም። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም በበኩላቸው ኩላሊቷንና ጨጓራዋን ይቆርጣሉ። ለሁሉ በሽታ የምናዘው ነጭ ሽንኩርትም ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳል። ካፕሱሉ ባክቴሪያ ይገድል ይሆናል፤ ዕጢ ግን ባክቴሪያ አይደለም፤ ደግሞም ድመት ገላዋ ላይ የተነሰነሰውን ሁሉ ልሳ ትውጠዋለች። ትኩሱ የላዩን ቆዳ ያነድዳል፤ ከሥር ያለውን አይነካውም፤ በአንድ ህመም ላይ ሌላ ህመም ይጨምራል። ከአራቱ ማዘዣ አንዱም አይሠራም ማለት ነው፤ አራቱም ግን በሙሉ ልብ የታዘዙ ነበሩ።

እባጩን በተመለከተ ሐኪሙ ለእማማ የነገራቸው ነገር መራራ ነው። ድመት ጡት ላይ ከሚወጣው እባጭ ከአሥሩ ስምንት ዘጠኙ ክፉው ዓይነት ነው። ዕድሜዋን የሚወስነው በአብዛኛው መጠኑ ነው። ከ2 ሴንቲሜትር ሳያልፍ የተቆረጠላት ድመት ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ልትኖር ትችላለች፤ 3 ሴንቲሜትር ካለፈ በኋላ የተቆረጠላት ግን ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር ገደማ አትዘልም። ከሽንብራ ፍሬ እስከ ሎሚ ባለው መንገድ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው፤ እኛም ያንን ጊዜ የምናሳልፈው «ይጠፋል» እያልን ነው። ከስድስት ወር ዕድሜዋ በፊት ማህፀኗና እንቁላል ማፍሪያዋ የወጣላት ድመት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በ91 በመቶ እንደሚቀንስ የተረጋገጠበት ጥናት አለ። ይህን ለአበርገሌ ጎረምሳ ብትነግሩት ደግሞ ሁለተኛ ዙር ሳቅ ይመጣል።

ከቆዳ ሥርና ከጡንቻ መሃል የሚበቅለው ሌላው ወገን፣ ሐኪሞች የለስላሳ አካል ዕጢ የሚሉት፣ በሌላ መንገድ ያስቸግራል። ተንኮለኛ ነው። ሲዳስሱት ድንበሩ የታወቀ፣ ቢያወጡት ተፈልቅቆ የሚወጣ ይመስላል። ውስጥ ውስጡን ግን ሥር ሰዷል። የሚታየውን ፈልቅቆ ያወጣ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ያንኑ እባጭ ብሶበት ያገኘዋል። ስለዚህ አዋቂ ቀዳጅ ከእባጩ ዙሪያ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ፣ ከሥሩም አንድ ሁለት ሽፋን ወርዶ ይቆርጣል። ሦስት አራት ኪሎ በምትመዝን ፍጡር ላይ በየአቅጣጫው 5 ሴንቲሜትር ማለት የጀርባዋ እኩሌታ ማለት ነው።

ይህ በሽታ በሀብታሞቹ አገር አንድ አስገራሚ ታሪክ አለው። በ1991 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዳንድ ድመቶች ዕጢ የሚያወጡት ልክ ክትባት የተወጉበት ቦታ ላይ መሆኑን አስተዋሉ። ከብዙ ሺህ ክትባት አንድ ላይ ቢደርስ ነው። ሐኪሞቹ ከዚያ ወዲህ ከትከሻ መሃል መውጋታቸውን እየተዉ ወደ እግር ዝቅ አሉ፤ ዕጢ ቢወጣ እግሩ ይቆረጥና ድመቷ ትተርፋለች፤ በሦስት እግሯ ደግሞ አይጥ ማሳደዱን አትተውም። አንድ ደንብም አወጡ፦ የተወጋችበት እብጠት ከሦስት ወር በላይ ከቆየ፣ ወይም ከ2 ሴንቲሜትር ካለፈ፣ ወይም ከአንድ ወር በኋላ ማደጉን ከቀጠለ ናሙና ተወስዶ ይመርመር። የአበርገሌ ድመት ከዚህኛው ዓይነት የተጠበቀችው መርፌ የሚባል ነገር አይታ ስለማታውቅ ነው። መረሳትም አንዳንዴ ጥቅም አለው። ይህን ሰምቶ ክትባት የሚሸሽ እንዳይኖር ግን ልጨምር፦ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ድመትም ታስተላልፈዋለች።

በኛ ፀሐይ የሚመጣም አለ። ነጭ ድመት፣ በተለይ ጆሮዋና አፍንጫዋ ላይ ፀጉሯ የሳሳ ከሆነ፣ የፀሐዩ ጨረር የቆዳ ካንሰር ያመጣባታል። የጆሮዋ ጫፍ ይቆስላል፣ ይደርቃል፣ መልሶ ይቆስላል። እኛ «ከጎረቤት ውሮ ጋር ተጣልታ ነው» እንላለን። ጎረቤትም ውሮውን ይመታል። በጊዜ ቢደረስበት የጆሮዋን ጫፍ መቁረጥ ብቻ ይበቃ ነበር።

እማማ የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠየቁ፦ «እንግዲያ ይቆረጥላታ?» ይቆረጥላት ይሆናል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም አንጋፋ ነው። ችግሩ ድመት ይዞ ሚኒባስ መሳፈሩ ነው። ረዳቱ ለድመቷ ሒሳብ ይጠይቅ እንደሆነና እንዳልሆነ ተሳፋሪው እስከ መናኸሪያው ይከራከራል። አንዱ ጎረምሳ ወጪውን በቃሉ አስልቶ «በዚህ ገንዘብ አሥር ድመት ይገዛል» አለ። ወዲያው ሌላው «ድመት የሚሸጥ ማን አለ?» አለው። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው። ገበያ የማያውቃት ፍጡር ህመሟም ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ቀዶ ጥገናው ዕድል ቀንቶት ቢደረግ እንኳ ጥሩ ሐኪም ከቢላዋው በፊት ህመሙን ይቀድመዋል። ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣታል፤ ኬታሚን ለምሳሌ ለሰውም ለእንስሳም የሚያገለግል የቆየ መድኃኒት ነው። በሚቆረጠው መስመር ላይ ደግሞ ሊዶኬይን በልኩ ይወጋል። ጠንከር ላለው ህመም እንደ ቡፕረኖርፊን ያለው መድኃኒት ጉንጯ ውስጥ ጠብ ይደረጋል፤ ድመት ያለ መርፌ በአፏ ስስ ቆዳ ስለምትመጠው ተመችቷታል። ለእብጠቱ ሜሎክሲካም በድመት ልክ፣ ኩላሊቷ እየታየ፣ ለአጭር ጊዜ ይሰጣታል። አንዱን መድኃኒት አብዝቶ ከመስጠት ሁለት ሦስቱን አሳንሶ ማቀናጀት ነው ብልኃቱ። ህመም አንዴ ሥር ከሰደደ በኋላ ማባረሩ ከባድ ነው።

«ደግሞ ለድመት ማስታገሻ! አሟት ቢሆን ትጮህ አልነበር?» የሚል አንባቢ እዚህ ላይ እንደሚኖር አልጠራጠርም። አለመጮህዋ ነው ነገሩ። ድመት አዳኝ ብትሆንም ትንሽ ስለሆነች ራሷም ትታደናለች፤ ህመሟን ያሳየች ለጅቡም ለውሻውም ጥሪ አስተላለፈች ማለት ነው። ስለዚህ ሲያማት ከአልጋ ሥር፣ ከጎታው ኋላ፣ ከእንጨት ክምሩ ውስጥ ትገባለች። መዝለል ትተዋለች። ገላዋን መላስ ታቆምና ፀጉሯ ይጎሳቆላል። እኛ «ሰነፈች»፣ «አረጀች»፣ ከከፋም «ጠገበች» እንላታለን። ስታንኮራፋ ደግሞ ዳዊት እየደገመች ነው የሚል አለ። ድመት ሲመቻት ብቻ ሳይሆን ሲያማትም፣ ስትወልድም፣ ልትሞት ስትልም ታንኮራፋለች። እኛ በጸሎት ላይ ናት ብለን ዝም ያልናት ምናልባት በጣር ላይ ነበረች።

ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ የድመት ህመም የሚገባውም በዓይን ነው። በካናዳ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በ2019 እ.ኤ.አ. የድመትን ህመም ከፊቷ የሚያነብ መለኪያ አውጥተዋል። የሚታዩት አምስት ነገሮች ናቸው። ጆሮዋ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ተዘረጋ ወይስ ቆሟል? ዓይኗ ጠበበ ወይስ ተከፍቷል? አፍና አፍንጫዋ ዙሪያ ተወጠረ ወይስ ላላ? ጢሟ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ገተረ ወይስ ቀለስ ብሏል? ራሷ ከትከሻዋ በታች ወረደ ወይስ ከፍ ብሏል? ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሁለት ነጥብ ይሰጣል፤ ከአሥሩ አራትና ከዚያ በላይ ያመጣች ማስታገሻ ይገባታል። መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ሁለት ዓይንና ትንሽ ትዕግሥት ነው። በዚህ መለኪያ የከሰዓቱን የቀበሌ ስብሰባ ብታዩት አዳራሹ በሙሉ ማስታገሻ የሚታዘዝለት ነው፦ ዓይን የጠበበ፣ ራስ ከትከሻ የወረደ፣ ጢም ያለው ጢሙ የገተረ። ሰብሳቢው ግን ማንም ስላልጮኸ «የጋራ መግባባት ተደርሷል» ብሎ ቃለ ጉባኤ ያስጽፋል።

ጩኸትስ ቢኖር እንሰማለን? እዚያው የአበርገሌ በረት ውስጥ መልሱ አለ። ወጠጤው ሙክት የሚሆንበትን ቀን ያየ ያውቀዋል። ሁለት ሰው ይጋድመዋል። አንዱ የኋላ እግሮቹን ወደ ሆዱ አጥፎ ይይዛል፤ ሌላው የዘር ፍሬውን ቧንቧ በእንጨት ላይ አስተኝቶ በሌላ እንጨት ወይም በድንጋይ ይቀጠቅጠዋል፤ እስኪላላ ድረስ። ሠለጠንን ካልን ቡርዲዞ የሚባለው፣ በጣሊያናዊው ፈልሳፊው ስም የሚጠራው ትልቅ መቆንጠጫ ይመጣል፤ ደም ባይኖረውም ህመም አለው። ማደንዘዣ ግን በሁለቱም ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። ፍየሉ ይጮኻል። ጩኸቱ ከገደል ገደል ይመላለሳል። በዙሪያው ያለው ሰው ግን ጨዋታውን አያቋርጥም፤ ልጁ ደንገጥ ካለ «ፍየል ሲይዙት መጮህ ልማዱ ነው» ይሉታል። ለፋሲካ ሙክቱ ስንት እንደሚያወጣ ከወራት በፊት የሚያሰላው ሰው የአንድ ብልቃጥ ሊዶኬይን ዋጋ ጠይቆ አያውቅም። ህመም ላይ ያለ እንስሳ አይበላም፣ ያልበላም አይሰባም፤ በብር ቢሰላ እንኳ ኪሳራ ነው። ዝም ያለችውን «ደህና ናት»፣ የጮኸውን «አመሉ ነው» ካልን ጆሯችን የቆመው ላለመስማት ነው ማለት ነው።

አይፈረድብን ይሆናል፤ በራሳችንም ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ሰቆጣ ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ስሟቸው። «እንዴት ከረምክ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ቤት ደህና?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «ጤናህስ?» «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» ሰላምታው አልቆ ሊለያዩ ሲሉ «ብቻ ከሁዳዴ ወዲህ ጎኔን ቀስፎ ይዞኝ ሌሊት አልተኛም» ይላል አንዱ። ሌላውም «አይዞህ፣ ቻለው» ይለዋል። ወንድ ልጅ ሲወድቅ «ወንድ አያለቅስም» ይባላል፤ ምጥ የያዛትን ሴት «ቻይው» እንላታለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚል ተረት አለን፤ የገለጠው ምን እንደሚጠብቀው ግን ተረቱ አይናገርም።

የተማረውም ዓለም ቢሆን በዚህ ላይ አይኩራራም። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በታላላቆቹ ሆስፒታሎች አራስ ሕፃናት የሚቀደዱት ብዙ ጊዜ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ተሰጥቷቸው፣ ማስታገሻው እጅግ ሳስቶ ወይም ጭራሹን ቀርቶ ነበር። የአራስ ነርቭ ገና አልበሰለም፣ አያመውም ይባል ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. ሁለት ተመራማሪዎች አራስም እንደሚያመው፣ ሳይደነዝዝ መቀደዱም እንደሚጎዳው በማስረጃ አስቀመጡ። ዓለም አቀፉ የህመም ጥናት ማኅበርም በ2020 እ.ኤ.አ. የህመምን ብያኔ ሲያሻሽል፣ መናገር አለመቻል ህመም አለመኖሩን እንደማያሳይ፣ ይህም ለሰው ብቻ ሳይሆን ለእንስሳም እንደሚሠራ ጨመረበት። እናቶች ይህን ለማወቅ 2020ን አልጠበቁም።

አሁን የታወቀው ተቃውሞ ይመጣል፦ «ሰው ሕክምና ባጣበት አገር የድመት ነቀርሳ?» ጥያቄው ከባድ ነው፤ ቀልድ አይገባውም። የዋግ ሰው ካንሰር ሲይዘው ለጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የነበረው ቦታ አንድ የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከሰቆጣ 700 ኪሎ ሜትር አልፎ፣ ያውም ወረፋ ጠብቆ። የሚያስቀው ሌላ ነው። ይህን ተቃውሞ አብዝቶ የሚያነሳው ሰው ለሰውየውም አንድ ብር አላዋጣም፤ ድመቷን የሚጠራት ሰውየውን ለመርዳት ሳይሆን ሁለቱንም ላለመርዳት ነው። ደግሞም ለድመቷ ከሚደረገው አብዛኛው ከሰው አፍ የሚቀማ አይደለም። ፊቷን ማየት ነፃ ነው። ሆዷን መዳሰስ ነፃ ነው። መርዝ አለመስጠትም ነፃ ነው። የድመትን ዝምታ ማንበብ የለመደ ዓይን ከቤቱ ጥግ «ደህና ነኝ» የሚሉትን አያቱንም ሳያይ አይቀርም።

እማማ በመጨረሻ የወሰኑት እንዲህ ነው። ሐኪሙ በወረዳው ክሊኒክ የሚቻለውን እንደሚሞክር፣ እባጩ ትልቅ ስለሆነ ግን ብዙ ተስፋ እንደማይሰጣቸው ሳይደብቅ ነገራቸው። ቢላዋው ካልሆነ ደግሞ ህመሟን የሚያስታግስ መድኃኒት በልኳ ሰጥቶ፣ ስቃዩ ሲበዛ ያለ ጣር የምታርፍበት መርፌ እንዳለ በቀስታ አስረዳቸው። እማማ ድመቷን መልሰው ጠቀለሉ። «ፍየሏ ለገበያ ናት። እሷ የቤቴ ናት፤ በገበያ ቀን አመጣታለሁ» አሉ። የሳቁት ጎረምሶች ወደ ቀንዳቸው ተመለሱ።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ቤትዎ ድመት ካለች በወር አንዴ እንኳ ጭንዎ ላይ ስትወጣ ሆዷንና ጀርባዋን በጣትዎ ጫፍ ይዳስሱ። የሽንብራ ፍሬ የምታክል ነገር ካገኙ ሎሚ እስክታክል አይጠብቁ፤ ለፍየሉ የመጣው ሐኪም ዓይንና እጅ ለድመትም ይሠራል፣ ሳቁን ችለው ይውሰዷት። ነጭ ከሆነች የጆሮዋን ጫፍ ይዩ። የጋለ ብረቱን ይተዉት፤ ነጭ ሽንኩርቱን ለወጡ ያድርጉት። ፓራሲታሞሉንም፣ ምን ያህል ቢያሳዝንዎ፣ ለራስዎ ራስ ምታት ያቆዩት።